የጓሮዬ ጉሎ

ጉሎ እንክብካቤ አይለምንም፤ የእኔው በአንድ ክረምት አጥሩን አልፎ ሄደ። ቅጠሉ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ለግቢው ጥላ ሆኗል። እናቴ አዲስ ምጣድ የምታሟሸው በፍሬው ነው፤ ወቅጣ በጋለው ሸክላ ላይ ስታሸው ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ምጣዱ ግን ጠቁሮ ይለሰልሳል። ሮማውያን ተክሉን በመዥገር ስም ጠሩት፤ የፍሬውን ዝንጉርጉር ሆድ ላየ አልተሳሳቱም።

በዚያ ሆድ ውስጥ ራይሲን የተባለ መርዝ አለ። ቡልጋሪያዊው ደራሲ ጊዮርጊ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ የተገደለው በዚሁ ነው። ብዕረኛን ለመግደል ይህን ያህል መድከም! ፍሬውን ያኘከ ሕፃንም ሊሞት ይችላል። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፏ ነው።

ዛፉን አልቆረጥኩትም። አበባው ብቅ ባለ ቁጥር፣ ሳያፈራ፣ እቀነጥበዋለሁ። ዘንድሮ ለእናቴ ምጣድ ፍሬውን ከገበያ ገዛሁላት።