የተኙ ሰው ቁመት

እማማ አልጋው ላይ በጎናቸው ኩምትር ብለው ተኝተዋል። 80 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከጣላቸው ወዲህ ቆመው አያውቁም፤ ጀርባቸው ደግሞ ከዚያም በፊት ጎብጧል። ካርዳቸው ላይ «ቁመት 145» ተብሎ ተጽፏል። ማን ለካቸው ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልለካቸውም፤ በዓይን የተገመተ ነው።

«እማማ፣ ቁመትዎን ተለክተው ያውቃሉ?»

«ኧረ የት ልጄ! ድሮ ግን መለሎ ነበርኩ። ጎንበስ ካላልኩ የቤታችን በር አያስገባኝም ነበር።»

ይህቺ ንግግራቸው ከካርዱ ይልቅ እውነት መሰለችኝ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ነበር። በጀርባቸው አስተኝተን፣ ደህናውን እግራቸውን ከጉልበትም ከቁርጭምጭሚትም 90 ዲግሪ አጠፍነው። ከተረከዛቸው ሥር አንስቼ ከጉልበታቸው ሎሚ ትንሽ ከፍ እስካለው ጭናቸው ድረስ ለካሁ፤ 50 ሴንቲሜትር። ልጃቸው አቅፏቸው ሚዛን ላይ ወጣ፤ የራሱን ስንቀንስ እሳቸው 43 ኪሎ ሆኑ።

ቻምሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ። ለሴት፣ የጉልበቱ ልኬት በ1.83 ይባዛል፣ 84.88 ይደመርበታል፣ ዕድሜዋ በ0.24 ተባዝቶ ይቀነሳል። ለወንድ ቁጥሮቹ 2.02፣ 64.19 እና 0.04 ናቸው። የእማማ ቁመት 157 ገደማ መጣ።

በ145 ሲሰላ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ (BMI) ለእሳቸው 20.5 ነው፤ «ደህና ናቸው» ያሰኛል። በ157 ግን 17.4 ነው፤ 18.5 ከሚባለው ወለል በታች። በምግብ እጥረት የተጎዱ እናት በአንድ የዓይን ግምት ደህና ተብለው ሊታለፉ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል።

ዕድሜ የሚያሳጥረን ከአከርካሪ ነው፤ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ዲስክ ይሳሳል፣ አጥንቱም ይጨፈለቃል። የእግርና የክንድ አጥንት ግን ርዝመቱን አይለቅም። እግር አልታጠፍ ካለ ክንድን ዘርግቶ፣ ከደረት አጥንት አናት ጎድጓዳ እስከ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት መጋጠሚያ መለካት ይቻላል፤ ለዚያም የራሱ ስሌት አለ። ሸማውን በክንድ ሲለካ ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ የምግብ ብቻም አይደለም። በመተንፈሻ ማሽን ለሚረዳ ሕመምተኛ የሚሰጠው የአየር መጠን የሚሰላው ከቁመቱ ነው፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አይሰፋም።

የቻምሊ ስሌት የተሠራው በአሜሪካ አረጋውያን ላይ ስለሆነ፣ ለእኛ ሰው ጥቂት ሴንቲሜትር ሊስት ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ላይ «በጉልበት ልኬት የተገመተ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ይወቀው።

ዎርድ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሜትር ከኪሳችሁ አይጥፋ። አስታማሚዎችም፣ የእናት የአባታችሁ ቁመት ሲጻፍ «በምን ለካችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ።