የሚያርም ጆሮ

«መሐረ» በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ራራ፣ ይቅር አለ ማለት ነው፤ «ምሕረት» የሚለው ቃል የወጣው ከዚህ ነው። «መሀረ» በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ደግሞ አስተማረ ይሆናል፤ «መምህር» የመጣው ከዚያኛው ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» የሰው ዕቃ ወሰደ። በየቴሌግራሙ የበዓል መልእክት ሲለጠፍ እመቤታችንን «ለምኚልን» ማለት የፈለገ ሰው «ሣዪልን» ብሎ ይለጥፋል። ፊደል አዋቂዎች ከሥር ይስቁበታል።

መሳቁ ቀላል ነው። እነዚያው የሚስቁት ሰዎች ሁለቱን ቃላት ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ግን ልዩነት አይሰማም። ትግርኛ ተናጋሪ ሐ እና ሀን፣ ዐ እና አን በጉሮሮው ይለያቸዋል። እኛ አማርኛ አፍ የፈታንበት ሰዎች ከለየናቸው ብዙ ዘመን ሆኖናል። ጎጃም የተማረው ካህንም፣ ጎንደር የተማረውም፣ ሸዋ የተማረውም ሲያነብ አንድ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ፊደሉ ያስታውሳል፣ አፋችን ረስቷል።

ታዲያ በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ደብሮችም ሆነ በገበዝ ማርያም በኩል፣ የኔታ ዘንግ ይዘው ቀኑን ሙሉ «ተመለስ!» የሚሉት ምኑን ነው?

የሚያርሙት በፊደል የማይታየውን ነው። የግዕዝ ጽሕፈት ስንት ነገር ሲመዘግብ ሁለት ነገር ትቷል። አንደኛው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ብዬ ስጽፍላችሁ ተናገረ ማለቴ ይሁን ይኖራል ማለቴ ከዓረፍተ ነገሩ ትገምታላችሁ፤ አማርኛ ቋንቋችሁ ስለሆነ አትሳሳቱም። ግዕዝ ግን የማንም አፍ መፍቻ አይደለም። «ቀተለ» ላልቶ፣ «ቀደሰ» ደ ጠብቆ እንደሚነበብ ካልነገሩህ ወረቀቱ አይነግርህም። ሁለተኛው ድምፁ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ቦታ ነው። የንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ብሎ ይለየዋል። ቃሉ በሳድስ ፊደል ካለቀ ተጣይ ወይም ሰያፍ ነው፣ በሌላው ካለቀ ተነሽ ወይም ወዳቂ። «ቀደሰ» ይነሣል፣ «ውእቱ» ይወድቃል። ለዜማው ምልክት ተሠርቶለታል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ ከቃሉ በላይ ይጻፋል። ተራው ዳዊት ላይ ግን ምንም የለም። 150ው መዝሙር በሙሉ የሚነበብበት መንገድ ያለው በመምህሩ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው።

አብነት ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን እንዲያየው እፈልጋለሁ። ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በቀጥታ ወደ ማንበብ አይገባም። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ «በቁጥር» ይሄዳል፤ ቃሉ ተበታትኖ ትርጉሙ ይጠፋል፣ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ይመላለስበታል። ቀን በመጽሐፍ ነው። ሌሊት ግን የቃል ትምህርት ነው፤ መብራት የለም፣ መጽሐፍ የለም። የኔታ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ይላል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃሉ የያዘ ልጅ አብዛኛውን የያዘው በጨለማ ነው። ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ከጆሮው በቀር መሣሪያ የለውም።

ቀን ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። ሃያ ልጆች በአንድ ዛፍ ሥር ሃያ የተለያየ ገጽ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ያንቀላፉ ይመስላሉ። ከሃያው አንዱ፣ ያውም ራቅ ብሎ የተቀመጠው፣ ወዳቂውን ቃል ሲያነሣው «አንተ! ተመለስ» ይላሉ። ይህን ያየ ሁሉ ይገረማል። እኔ ግን የሚገርመኝ ችሎታው ብቻ አይደለም። ልጁ በየደቂቃው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የሚናገረውን አንድ ሰው እየሰማ ነው።

ይህን ነገር እንደ እኛ የተጨነቁበት ሌሎችም አሉ። ማንትራ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከዮጋ ቪዲዮ ነው፤ ሰው እግሩን አጣጥፎ «ኦም» ይላል፣ ከበስተጀርባ ውሃ ይፈሳል። የቬዳ ንባብ ባለቤቶች ግን ከዚህ መዝናናት ጋር እምብዛም አይተዋወቁም። ለእነርሱ የድምፅ አወጣጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ «ሺክሻ» ይሉታል። ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለና ከከፍታ የሚወርድ ድምፅ ይለያሉ። በደቡብ ህንድ በኬራላ የሚገኙ የናምቡዲሪ ብራህማን መምህራን የልጁን ራስ በእጃቸው ይዘው ድምፁ ሲወርድ ዝቅ፣ ሲነሣ ቀና ያደርጉታል፤ ንባቡ አንገቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ቃላቱን አንድ-ሁለት፣ ሁለት-አንድ፣ አንድ-ሁለት እያሉ ወደፊትና ወደኋላ እንዲያነብ ያደርጉታል። ትርጉሙ ይፈርሳል፣ ድምፁ ግን አንዲት ነጥብ አይዛነፍም። የእኛን «ቁጥር» አስታወሰኝ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን የንባብ ወግ ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች አንዱ ብሎ ያወጀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ታሪክም አላቸው። ትቫሽትር የተባለው አምላክ ኢንድራን የሚገድልለት ልጅ እንዲወለድ መሥዋዕት ሲያቀርብ «ኢንድራ-ሻትሩ» የሚለውን ቃል አነባበቡን አዛነፈው። ድምፁ መጨረሻው ላይ ቢነሣ ኖሮ «የኢንድራ ገዳይ» ማለት ነበር። መጀመሪያው ላይ አነሣውና «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» ሆነ። ልጁ ቭሪትራ ተወለደ፣ ኢንድራም ገደለው። ተነሽና ወዳቂ የማያውቅ ሰው ሊስቅበት ይችላል፤ የንባብ ቤት ተማሪ ግን የሚስቅ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከዘመድም ከጓደኛም ሰምቼዋለሁ። «እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው፤ የተነሣ የወደቀ ቃል አይቆጥርም። በሚገባህ ቋንቋ ጸልይ።» ትክክል ነው። የአማርኛውን ዳዊት የሚደግም ሰው ከግዕዙ ደጋሚ ያንሳል ብዬ አልከራከርም። የምከራከረው ትክክለኛ ንባብ ለይስሙላ ነው፣ ልብን ይሰርቃል ከሚለው ጋር ነው። ያየሁት ተቃራኒውን ነው። 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» በመቁጠሪያ ሲባል ሰው አስተውሉ። (ቃሉ ራሱ ግሪክኛ ነው፤ ተውሰን የራሳችን አድርገነዋል።) በሃያኛው ላይ የሚሮጠው አፍ ቃሉን ይበላዋል፤ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ፣ ልቡም ገበያ ደርሶ ይመለሳል። እያንዳንዷን ቃል ከነማጥበቋ ከነማላላቷ ሙሉ አድርጎ የሚያወጣ ሰው ግን ገበያ የሚሄድበት ጊዜ የለውም። አፉ ሥራ ላይ ነው፣ ልቡም ከሥራው ጋር ታስሯል። 64 ፍሬ ያለው መቁጠሪያም፣ የህንዶቹ 108 ፍሬም የሚቆጥሩት ብዛትን ነው፤ ቃሉ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን የሚያውቀው ጆሮ ነው።

ሌላም ስጋት አለ፤ በተለይ የእኛ አካባቢ ሰው በቀላሉ አያልፈውም። «ዳዊት መድገም» እና «ድግምት» ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። ጎጃም በቅኔው የታወቀውን ያህል ስለ ደብተራው አስማትና ክታብ ብዙ የተወራበት አገር ነው። ቃሉን በትክክል ካልከው በራሱ ይሠራል የሚለው እምነት ወደ ድግምት የሚወስድ አጭር መንገድ መሆኑን አልክድም። በህንዶቹም ዘንድ ይህ ክርክር አለ። እኔ የምለያቸው በማን ላይ እንደሚሠሩ ነው። ድግምት በጎረቤት ላይ፣ በባላጋራ ላይ፣ በምትፈለግ ሴት ላይ እንዲሠራ ይነገራል፤ ምስጢር ነው፣ ማንም እንዲሰማው አይፈለግም። ዳዊት የሚደግም ሰው የሚሠራበት ራሱ ላይ ነው፤ ሲማረውም ሰው እየሰማው ነው የተማረው።

ወደ ዛሬ ልምጣ፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ኖረናል። የቆሎ ተማሪ ኑሮው በእግሩና በሰው ደጅ ላይ ነው። ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው መምህር ፍለጋ ይሄዳል፣ ከቤት ቤት ለምኖ ይበላል። ብቻውን ከወረዳ ወረዳ የሚሄድ ወጣት ከየት መጣህ በሚባልበት ጊዜ፣ ገበሬውም ለራሱ በሚሰጋበት ጊዜ ይህ ኑሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አንድ ወንበር ሲታጠፍ ዜና አይሆንም። መጽሐፉ አልተቃጠለም፣ ሕንጻው አልፈረሰም፤ ልጆቹ ብቻ ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ቀረጻ ነው። ዳዊቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ ቅዳሴው በድምፅ ተቀርጾ በየቻናሉ አለ፤ አንዳንዱ እጅግ ያማረ ነው፣ እኔም ሌሊት እሰማዋለሁ። አልጠላውም። ግን ቀረጻ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ልጁ ከቀረጻው ጋር እያለ ወዳቂውን ቢያነሣ ስልኩ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ልጅ መምህር ይሆናል፣ ያነሣውን ቃል ለሌላ ልጅ ያወርሳል። ሐ እና ሀ ከአፋችን የጠፉት መጽሐፉ ጠፍቶ እንዳልሆነ አትርሱ። መጽሐፉ አሁንም አለ፣ ሁለቱንም ፊደል ለይቶ ይጽፋቸዋል።

ስለዚህ ለቅርስ ጥበቃ ገንዘብ የሚያዋጡ ማኅበራትና በውጭ ያሉ ወገኖች ለማይክሮፎንና ለስቱዲዮ የሚመድቡትን ያህል ለመምህሩ ቀለብና ለተማሪዎቹ ጎጆ ይመድቡ እላለሁ። አንድ የንባብ መምህር ዓመቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ኩንታል እህል ነው።

ስልኩም ቢሆን የሚሰማ ሰው ከበስተኋላው ካለ ይሠራል። የማውቃቸው አንድ የንባብ መምህር ወንበራቸው ከተበተነ በኋላ ከተማ ገብተው በዘመድ ቤት ተቀምጠዋል። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች አንድ አንድ መዝሙር እያነበቡ በድምፅ መልእክት ይልኩላቸዋል፤ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። መረቡ በተመለሰ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። መልሳቸው አምስት ሴኮንድ አይሞላም። «ልጄ፣ ሦስተኛው ላይ ወዳቂ ነው። ተመለስ።»