ብሩስ ያላየው በረዶ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስን የሚያውቃት በብርዷ ነው። ጎንደር ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ መንገደኛ ወለቃን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር መስኮቱን ይዘጋል፤ ኮሶዬ ላይ ጃኬቱን ይፈልጋል፤ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ወጥቷልና ጋቢ የደረበውን ሰው በቅናት ያያል። ሚኒባሱ ሰው አውርዶ ሰው ይጭናል፣ ረዳቱ “ዳባት! ደባርቅ!” እያለ ይጣራል፣ ከዚያ ጉዞ ነው። የሰሜን ተራሮችን ለማየት የመጣ ሰው ስለዚህች ከተማ የሚይዘው ማስታወሻ ይኸው ነው፤ እሱንም ከያዘ። ስልኩ ላይ ጎንደር ፋሲል ግቢ ከተነሳው ፎቶ ቀጥሎ የሚመጣው ከሳንቃበር ወዲያ ካለ ገደል አፋፍ ላይ የተነሳው ነው። በመሀል ያለው የወገራ ደጋ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እንደሌለ ይቆጠራል። ይህ ያናድደኛል። ለአምባ ጊዮርጊስ ተቆርቁሬም ነው (መቆርቆር አያሳፍርም)፤ ይልቁንም የሚያናድደኝ እንዲህ የታየ አገር መልሶ “አይቼዋለሁ” መባሉ ነው።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በሐምሌና በነሐሴ ፈቃዳቸው በሜዲትራኒያን የመርከብ ሽርሽር ወጥተው የሚልኩልን ፎቶም ከዚህ አይለይም። ነጫጮቹ የሳንቶሪኒ ቤቶች፣ ሮም ላይ ኮሎሲየምን ከኋላ አድርጎ የተሰለፈ ቤተሰብ፣ ባርሴሎና ላይ ሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን፣ በየመሀሉ የመርከቡ መዋኛና የእራት ጠረጴዛ። ያምራል፤ ደስ ይበላቸው። አሠራሩን ግን ልብ እንበል። መርከቡ ሌሊት ተጉዞ ጠዋት ወደብ ይይዛል፣ ማምሻውን ይነሳል። “ሮም” ተብሎ የሚሸጠው ማረፊያ ቺቪታቬኪያ የሚባል ወደብ ነው፤ ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የደርሶ መልሱ መንገድ ሲቀነስ ለሮም የሚተርፋት ጥቂት ሰዓት ነው። እንቅልፉም እራቱም እዚያው መርከቡ ላይ ነው። የወደቦቹ ሰው ግን ተማሯል፦ ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቆቹ መርከቦች በመሀል ከተማዋ እንዳያልፉ ተከልክለውባታል፤ ሳንቶሪኒም ከ2025 ወዲህ ከመርከብ የሚወርደውን መንገደኛ በቀን በ8,000 ወስናለች። ይህ ምሬት ፎቶው ላይ የለም። ያው ባሕር የእኛው ልጆች ከመተማ ተነስተው፣ ሱዳንንና የሊቢያን በረሃ አቋርጠው፣ በጎማ ጀልባ የሚገቡበት ባሕርም ነው። ከመርከቡ ሰገነት ሆኖ ላየው ግን ውሃው ሰማያዊ ነው፣ በቃ።

እኔ የምለው፣ ጥቂት ማየት ጥፋት አይደለም። አገር አይቶ የጨረሰ መንገደኛ አልተወለደም። ጥፋቱ የት ቆሞ፣ ለስንት ሰዓት እንዳየ ሳይናገሩ ስላላዩት ጭምር መፍረድ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም፤ በዚሁ መንገድ ላይ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ፣ በአክሱም አድርጎ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በወገራ በኩል ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሚኒባሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ በተቃራኒው መጣ ማለት ነው። ብርቱ ተጓዥ፣ ጥሩ ታዛቢም ነበር። ስለ ሰሜን ተራሮች ሲጽፍ ግን በረዶ የሚባል ነገር አላየሁም አለ፤ ክረምት የሚወርደውን ጠጠር ሳይሆን መሬት ላይ የሚነጠፈውን ማለቱ ነው። ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ በረዶ መኖሩን መስክሮ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ሄንሪ ሶልትም በረዶውን ማየቱን መዘገበ፤ ብሩስ ለምን እንዳላየውም ተናገረ፦ ሰውዬው ከተራራው ግርጌ አልፎ አልገባም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኮስማስ ነው። ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ የደረሰ የእስክንድርያ ነጋዴ ነው፤ የሜዲትራኒያን ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ። አዱሊስ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመተባቸውን አገሮች የሚዘረዝር የድንጋይ ጽሑፍ ቆሞ ነበር። ጽሑፉ ሰሜንን ያነሳል፤ ተራሮቹ በበረዶ የተሸፈኑ መሆናቸውን፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ቃሉ የቀረልን ኮስማስ ስለገለበጠው ነው። ይህ ሰው ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ሰሜንን በዓይኑ አላያትም። ነገር ግን ያነበበውን፣ ከየት እንዳነበበው ተናግሮ፣ እንዳለ አስተላለፈ፤ ስለዚህም ስለ ሰሜን በረዶ የሚነግረን ነገር ትክክል ሆነ። በግርጌው ያለፈው፣ ተራራውን በዓይኑ ያየው ብሩስ ተሳሳተ። “በቦታው ነበርኩ” ማለት ብቻውን ምስክርነትን እንደማያጸና ከዚህ የበለጠ ምን ያሳያል?

ብሩስ ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። ያኔ ካሜራ አልነበረምና የፎቶ አንሺውን ሥራ የሚሠራው ሠዓሊ ነበር። ብሩስ አስከትሎት የመጣው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነው። እጽዋቱን እንስሳቱን ሲሥል ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያሳትም ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰለ፤ ባሉጋኒ ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት ሄዶ ሳለም ከዚያ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። የዓባይን ምንጭ ብቻዬን አገኘሁ ለማለት ጓደኛን ከሥዕሉ ማውጣት! ዛሬ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ከእመት ጎጎ አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚነሳው ሰውም ሳያስበው ይህንኑ ያደርጋል። ጠመንጃውን አንግቶ ጎኑ የቆመው ስካውት፣ ድንኳኑን የተሸከመችው በቅሎ ባለቤት፣ ጭላዳው ጠዋት የት እንደሚውል የሚያውቀው አስጎብኚ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ናቸው። ባዶ ተራራ፣ አንድ ደፋር መንገደኛ።

ባዶነቱም ቢሆን ታሪክ አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት፣ ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኖ ገባ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመደበ፤ ዋልያው ቀንሶ፣ እርሻውና ግጦሹ ገፍቶ ነበርና። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። በመሀሉ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈራቸው ነው። መልቀቃቸው ለጓሳውና ለዋልያው በጅቷል የሚል አለ፤ አልከራከረውም። የምለው፣ ግጭ ላይ ሰው የሌለበት ሜዳ አንስቶ “ያልተነካ ተፈጥሮ” ብሎ የሚለጥፍ መንገደኛ ትናንት ያደረባት ደባርቅ ውስጥ የሜዳው ባለቤቶች መኖራቸውን አያውቅም። ያነሳው ሜዳ እውነት ነው፤ ሥሩ የጻፈው ሐሰት ነው።

እስቲ ደግሞ የተዘለለውን እንይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ወገራ ላይ መኪናው ቢቆም ከመንገዱ ዳር የሚታየው አውድማ ነው። መሬቱ በእበት ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ጠንክሯል። በሬዎቹ የተበተነውን ነዶ እየዞሩ ያበራያሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሊግጥ ሲል ልጁ አለንጋውን ያነሳል። አዋቂው መንሹን ተደግፎ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲመጣ ሽቅብ ይበትነዋል፤ ገለባው ወደ ጎን ይነዳል፣ ገብሱ እግሩ ሥር ይወርዳል። ነፋሱ ሲተኛ ሰውዬውም ይቆማል፤ የሚያቻኩለው የለም። ከዚህ ገብስ በሶው፣ ቆሎው፣ ጠላው ይወጣል። ጎንደር ላይ የሚጠመቀው ቢራ በዳሽን ተራራ ስም ይጠራል፤ ተራራውም ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ መጠሪያነቱ ይገባዋል። ቢራ ግን ከተራራ ጫፍ አይጠመቅም። ብቅሉ ከገብስ ነው፣ ገብሱም የሚበቅለው እንዲህ ባለው ደጋ ላይ ነው እንጂ ከጫፉ ላይ አይደለም። ጠርሙሱን የሚያነሳው ሰው ስሙን አየ፤ የሚጠጣውን ገብስ በሚኒባስ መስኮት በኩል ተኝቶ አለፈው።

“አምባ ጊዮርጊስ ላይ ምን ይታያል?” የሚለኝ አይጠፋም። ዋልያ የለም፣ ፏፏቴ የለም፤ ቆርቆሮ ቤት፣ ባሕር ዛፍና የድንች ጆንያ ነው። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ወጪ አውጥቶ፣ ይህን ሊያይ ነው ወይ? አይደለም፤ እኔም አልፈርድበትም። ሆኖም አንድን አገር ለማወቅ ምን ያህል መቆም እንደሚጠይቅ ዳባት ትመስክር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ የምርምር ማዕከል አቁሞ የተመረጡ ቀበሌዎችን ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። በሚኒባስ ለአምስት ደቂቃ የምትታየው ያቺው ከተማ ናት። መንገደኛ ይህን ያህል ይቁም አልልም፤ የአምስት ደቂቃው ዓይን የአምስት ደቂቃ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። ፎቶው ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሰው ደባርቅ አልጋ ይይዛል፣ አስጎብኚና ስካውት ይቀጥራል፣ በቅሎ ይከራያል። እውነት ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎብኚው ሲመናመን ደባርቅ ምን ያህል እንደተጎዳች የሚያውቅ ሰው ፎቶ ላይ ምላሱን አያሾልም። ግን ገንዘቡም እንደ ፎቶው ደባርቅ ላይ ነው የሚወርደው፤ ወገራና ዳባት የሚደርሳቸው አቧራው ነው። ደግሞም እንግዳው ሲቀር ለሩቁ ሰው ስለ አካባቢው ያለው እውቀት አሮጌው አልበም ብቻ ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሰሜንን በጭላዳና በገደል ብቻ ለሚያውቅ ሰው ጭና ከየትም የመጣ ስም ነበር። ተራራውን የወደደ ሁሉ ስለ ተራራው ሰው ሊያስብ የሚችለው፣ ሰው እንዳለበት ሲያውቅ ነው።

ሌላው የሚነሳው የክብር ጉዳይ ነው፤ በዚህኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አውድማ ላይ ያለ ሰው የመንገደኛ መጫወቻ አይደለም፣ ሳይጠየቅ መነሳት የለበትም። ግን ይህ ክርክር ለእኔ ያደላል። ፎቶ የማይገባበት ቦታ ቃል ይገባል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የራስ ተፈሪን የ1916 ዓ.ም. የአውሮፓ ጉዞ ደስታና ክብር በሚለው መጽሐፋቸው ያስቀሩልን በቃል ነው፤ በዚያ ጉዞም ሜዲትራኒያን ተሻግሯል። የዛሬው መንገደኛ ሁለት መስመር ቢጽፍ አይከብደውም፦ “ወገራ፣ ከሚኒባስ መስኮት፤ አልወረድኩም።” “ሮም፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት።” ብሩስም “በግርጌው አልፌያለሁ፤ ከላይ ያለውን አላውቅም” ቢል ኖሮ ሶልት የሚያርመው ባላገኘ ነበር።

ጊዜ የለም የሚለው ደግሞ ቀላሉ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ከጎንደር በማለዳ የተነሳ መኪና አምባ ጊዮርጊስ አንድ ሰዓት፣ ዳባት አንድ ሰዓት ቆሞ ደባርቅ ለምሳ ይደርሳል፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍሎ፣ ስካውቱን አሳፍሮ፣ ሳንቃበር ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል። ለአምባ ጊዮርጊሱ ሰዓት ግን ጃኬቱን ከሻንጣው ቀድሞ ማውጣት ነው።