ጳጉሜን 6

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ነው፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ጣራው ይንቀጠቀጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአክስቴን ልጅ ሒሳብ አስጠናት ነበር። እናቷ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ፣ ሚጡ የምታድገው እኛ ጋ ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች።

የሒሳብ መጽሐፏ ከውጭ የመጣ ነው። «ወርድ ፕሮብሌም» የሚባሉት፣ በታሪክ መልክ የሚቀርቡት ጥያቄዎች፣ ወቅታቸውም የውጭ ነው። ልጆች 7 የበረዶ ሰው ሠሩ፤ 3ቱ ቀለጡ፤ ስንት ቀረ? ሚጡ የምታውቀው በረዶ ደግሞ በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው።

«ሰው እንዴት ይቀልጣል?» ብላኝ አረፈች።

መጽሐፉን ዘጋሁና የራሳችንን ወቅት አመጣሁ። «6 ልጆች አበባየሆሽ እያሉ 4 ቤት ዞሩ። እያንዳንዱ ቤት 15 ብር ሰጣቸው። እኩል ሲካፈሉ ለአንዷ ስንት ይደርሳታል?»

ትንሽ አሰበችና «10 ብር!» አለች። ለካ የከበዳት ቁጥሩ አልነበረም።

ቀጥላ የራሷን ጥያቄ አወጣች። «ዛሬ ነሐሴ 20 ነው። እማዬ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። ስንት ቀን ቀረ?»

አክስቴ በስልክ «ሴፕቴምበር 11 እገባለሁ» ብላን ነበር። ያው መስከረም 1 ነው ብዬ ደመርኩ፤ ከነሐሴ 10፣ ከጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 1፣ በድምሩ 16። እሷ ደብተሯ ላይ 17 ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት።

አለቀሰች። ከዚያ የግድግዳውን ካላንደር አውርዳ አመጣችልኝ። ጳጉሜን 6 ናት! ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ እንደ 2011ዱ ሁሉ አንድ ቀን ተጨምራለች። እኔ በልማድ ደመርኩ፤ ልጅቷ ቀኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ስለዚህ የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። አክስቴ የምትገባው በዋዜማው ነው ማለት ነው። በእኔ ሒሳብ ብንሄድ ኖሮ ቦሌ የሚቀበላት ሰው አታገኝም ነበር።

ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁላት። ዛሬ ክፍል ውስጥ «ቀኑን አጣሩ» ስንባል ያ ቀይ ኤክስ ይታወሰኛል።

ጳጉሜን 6፣ ሰኞ ማታ፣ ሚጡ አደይ አበባዋን ይዛ ከተቀባዮች ጋር ቆመች። እናቷን አቅፋ ስትጠግብ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ፈቃድሽ ስንት ቀን ነው?»

«30 ቀን፣ የኔ እናት።»

ሚጡ ጣቶቿን ዘርግታ መቀነስ ጀመረች። ይሄንን ጥያቄ ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም።