የመርከቧ ካንቲን ልጅ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንማር፣ የጦር ጀግና ማለት ጄኔራል ወይም አድሚራል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ ፔታርድ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ታሪክ ነው።

ፔታርድ ዲስትሮየር ከሚባሉት ፈጣን የጦር መርከቦች ወገን ነበረች። በጦርነቱ ዘመን የጀርመን፣ የኢጣሊያና የጃፓን ሰርጓጅ መርከቦችን በማስመጥ ተካፍላለች። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራዋ ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1942 ዓ.ም. ሌሊት በሜዲትራንያን ባሕር የተፈጸመው ነው።

በዚያ ሌሊት ዩ 559 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ፣ ፔታርድና ሌሎች መርከቦች ብዙ ሰዓት ሲያሳድዷት ከቈዩ በኋላ ተጐድታ ወደ ላይ ወጣች። መርከበኞቿ ጥለዋት ሲሸሹ፣ ሌፍተናንት አንቶኒ ፋሶንና መርከበኛው ኮሊን ግሬዚየር ውሃ እየሞላባት ካለችው መርከብ ውስጥ ገቡ። ቶሚ ብራውን የሚባል ልጅም ተከተላቸው። ቶሚ የመርከቧ ካንቲን ረዳት ሲሆን ዕድሜው 16 ዓመት ብቻ ነበር፤ ሥራውን ያገኘውም ዕድሜውን ጨምሮ በመናገር ነው። ሁለቱ ከታች የሚያቀብሉትን የምስጢር መጻሕፍት እየተቀበለ በመሰላሉ ወደ ላይ አወጣ። በመጨረሻ መርከቧ በድንገት ስትሰምጥ ቶሚ ተረፈ፤ ፋሶንና ግሬዚየር ግን አብረዋት ሰጠሙ።

በእነዚያ መጻሕፍት ረዳትነት የእንግሊዝ ሊቃውንት ለ10 ወራት ያህል የተሰወረባቸውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ምስጢራዊ መልእክት በዲሴምበር 1942 ዓ.ም. እንደገና ለማንበብ ቻሉ። በዚህም በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚጓዙ ብዙ መርከቦች ከጥፋት ዳኑ። ለሁለቱ ሟቾች የጆርጅ መስቀል፣ ለቶሚም የጆርጅ ሜዳይ ተሸለመ። ቶሚ ግን በ1945 ዓ.ም. ቤታቸው በእሳት ሲቃጠል እኅቱን ለማዳን ሲሞክር ሞተ። የዚያ ሌሊት ሥራ ፍሬ ለሕዝብ የተገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እኔም ዘንድሮ 16 ዓመት ሆኖኛል። ክፍል የመጥረግ ተራዬ ሲደርስ «ይህ ደግሞ ምን ሥራ ነው?» እያልሁ አጕረመርም ነበር። ቶሚ ዕድሜውን መዋሸቱን አላመሰግንም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ብሆን ወደዚያች መርከብ እገባ ነበር ብዬም ለመመካት አልደፍርም። ነገር ግን ከካንቲን የመጣው ልጅ የተቀበለውን ወደ ላይ ባያወጣ፣ የሁለቱ ጀግኖች ድካም ከባሕር በታች በቀረ ነበር። ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ በእጃችን የተሰጠንን ሥራ ትንሽ ነው ብለን አንናቅ፤ ፍሬው የት እንደሚደርስ አናውቅምና።