ኤሊ ልንሆን ነው

ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን፣ በስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል፣ ከዚያ በብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል፣ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ። በኪራይ አርቪ (መኖሪያ ቤት በሆነ መኪና)! እማዬ በስልክ "ቤታችሁን አዝላችሁ? ኤሊ ሆናችኋል በለኛ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ርቀቱ ሳይሆን የመኪናው ቁመት ነው። መንገዳችን ላይ ያለው ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ትናንት ወደ አከራዩ ግቢ ሄደን እኔ መሰላል ላይ፣ ባለቤቴ ሜትሩን ከታች ይዛ፣ እስከ ጣሪያው ኤሲ ጫፍ ለካን፤ 11 ጫማ ከ4። ተመስገን! ያም ሆኖ ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ መሪው አጠገብ ልለጥፈው ነው።

የሽንት ቤቱን ታንከር ማን ያፈሳል የሚለው ገና አልተወሰነም (ዝም ብያለሁ)። ጀበናዋ ግን ከወዲሁ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።