132 ቀን

መጋቢት በመጣ ቁጥር ቱሉ ፈራ ትዝ ይለኛል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በረራ ኢቲ 302፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ እዚያ ማሳ ላይ ተከሰከሰ። 157 ሰው አለቀ።

የቦይንግ ኃላፊዎች ስለ አብራሪዎች ሥልጠና ሲወስኑ መዘዙን አላሰቡም ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን በደንብ አስበውበታል እላለሁ። ኩባንያው ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በገባው ውል፣ 737 ማክስ የምስለ በረራ ሥልጠና የሚጠይቅ ከሆነ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተስማምቶ ነበር። እስቲ እዚያ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡና አስቡት። «አብራሪዎች ኤምካስ ስለሚባለው አዲስ ሶፍትዌር ይሠልጥኑ» ብሎ የሚናገር ሰው የሚያመጣው ኪሳራ በውል ሰፍሮ፣ ተፈርሞበት ተቀምጧል። ዝም ካለ የሚመጣው ደግሞ ምናልባት ነው፤ ያውም ሩቅ አገር፣ በማያውቀው ሰው ላይ። ብዙው ሰው ዝም ይላል። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቁልቁል የሚደፋው ኤምካስም በአንድ ሴንሰር ብቻ እየተመራ፣ አብራሪዎቹ በቅጡ ሳያውቁት ሥራ ጀመረ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ማክስ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞተ። ያኔ ምናልባቱ አበቃ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ራሱ ባወጣው ስሌት፣ ችግሩ ካልተስተካከለ በማክስ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ገመተ። አሥራ አምስት! እንዲያም ሆኖ፣ ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተሰጥቶ፣ የሶፍትዌር ማስተካከያው እስኪደርስ አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ማክስን ማገድ የሚያስከትለው ኪሳራ በማግሥቱ ይታይ ነበር። ቀጣዮቹ ሟቾች ግን ገና ስም አልነበራቸውም።

ትርፍና ኪሳራን አመዛዝኖ የማይወስን ነጋዴ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። እዚህ ግን መዛኞቹ ሌላ፣ ዕዳ ከፋዮቹ ሌላ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ሲስማማ እንኳን ለአየር መንገዶች ካሳ 1.77 ቢሊዮን ዶላር፣ ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን ተመደበ።

መድኃኒት የምታስመጡ፣ ሕንፃ የምታቆሙ፣ አውቶቡስ የምታሰማሩ ወገኖቼ፣ ሒሳቡን ስትሠሩ የገዛ ልጃችሁን ተሳፋሪ አድርጋችሁ ሥሩት። ማክስን ከሰማይ ለማውረድ ከላየን ኤር እስከ ቱሉ ፈራ 132 ቀን ነበረ።